የተለየ አስተያየት ያለው

ሙናዬን ዛሬ በክፉ የሚያነሳት ሰው ሞልቷል። አብዛኛው ደግሞ ያን ዕለት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ የነበረ ነው። አሁን ሁሉም ጀግና ሆኗላ! ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ አበረ ልብስ ሰፊው ነኝ። የስፌት መኪናዬን በሷ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ዘርግቼ ስንት ክረምትና በጋ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የሆነውን ከኔ በላይ ያየ የለም። አፌ እንደማያርፍ ወረታ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ልናገር፣ ያልጣመው ተነስቶ ይሂድ።

ሙናዬ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናት። ክረምት ሲገባ ሜዳውን ውኃ የሚውጠው፣ ከብቱ ወደ ከፍታው የሚነዳበት፣ ሰው ልብሱን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ጎረቤቱን የሚጠይቅበት አገር ነው። አባቷ ቄስ ነበሩ። ገና በልጅነቷ ለአንድ ዲያቆን ዳሯት። ጠፋች፣ መለሷት፤ እንደገና ጠፋች፣ እንደገና መለሷት። በመጨረሻ ወረታ ገብታ ቀረች። ጠላ ቤት ተቀጥራ እንስራ ስትሸከም ከርማ አንድ የከባድ መኪና ረዳት አገባት። ጥሩ ሰው ነበር፣ ቀልደኛ። ደረሰን ወለዱ። ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር አባቱን ወባ ያዘው፤ የፎገራ ወባ መቼም አይምርም፣ ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

ከዚያ ወዲያ ሙናዬ ወንድ አላስጠጋችም። የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ላይ ያችን ሻይ ቤት ከፈተች። ሻይዋ የነጠረ ነው፣ ዳቦዋ ሙሉ ነው፣ ፊቷ ግን ይሰውራችሁ! ሾፌሮቹ «ሙናዬ፣ ዛሬ እንኳ ሳቂልን» ሲሏት «ሳቅ ከፈለግህ ጠላ ቤት ሂድ፣ እዚህ የሚሸጠው ሻይ ነው» ትላለች።

ስለ ደረሰ ግን አይወራ። ዓይኗ ነበር። ልጁ ቁመቱ ሸንበቆ ነው፣ ቃል አያበዛም። አንድ ክፉ ጠባይ ግን ነበረው፤ የጠየቅኸውን እውነቱን ይነግርሃል። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ሱሪ ሰፋሁለትና «አማረብህ?» ብለው «አንዱ እግር ይረዝማል ጋሼ አበረ» አለኝ። ሰው ፊት! ተናደድኩና ለካሁት፤ እውነትም ይረዝማል። እንዲህ ያለ ልጅ ነው። እናቱ «ይኸ አፍህ አንድ ቀን ያስበላሃል» እያለች ትቆጣው ነበር፤ ወዲያው ደግሞ የዳቦውን መሐል ቆርሳ ትሰጠዋለች።

በሰባ ስድስት መምህር ተገኘ መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ተመድቦ ነው። የሙናዬን የጓሮ ክፍል ተከራየ። ሙናዬ ከአንድ ሾፌር የገዛችው አሮጌ ቴፕ ነበራት፤ መምህሩ አንድ ቀን ካሴት ይዞ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ካሬ ካሬ ተስሏል፤ በመሐሉ ጠባብ ሱሪ የለበሱ፣ ባርኔጣ የደፉ ጎረምሶች ቆመዋል፣ ገሚሱ ፈረንጅ፣ ገሚሱ እንደኛ ጥቁር። «ሮክ ነው፣ የጃማይካ ምት የገባበት። አዲስ አበባ ላይ ያልሰማው የለም» አለን።

ከተተው። እናንተዬ! ከበሮው ይሄዳል፣ ጊታሩ ግን ከበሮው ዘወር ባለበት ቦታ ነው የሚገባው። እኔ በእግር ፔዳል ነው የምሰፋው። እግሬ ዘፈኑን ልከተል ሲል መርፌው ዘለለ፣ የአንድ ገበሬ ኮት ኪሱ ጠማማ ሆኖ ወጣ። «ይኸን ጋኔን አጥፉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ? ሁሉም ወደ ቴፑ ተጠግቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ቤቱ የዘፈን ሸንጎ ሆነ። አስተያየት ያልሰጠ ሻይ የጠጣ አይመስለውም ነበር። አንድ የጎንደር ሾፌር «ጊታሩ ማስነጠስ መጥቶ የቀረበት ሰው ነው» አለ። መሪጌታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙና፣ «ከበሮው እኮ እግር ከተነሳ በኋላ ነው የሚመታው» አሉ። «የነሱ ወግ እንደዚያ ነው መሪጌታ» አለ መምህሩ። «የኛ መቺ እንዲህ ቢያደርግ ከማኅሌት አስወጣው ነበር!» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። ጥቂት ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መለከቱ የሚገባበትን እስቲ ድገሙልኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የሁሉንም አፍ ያስያዘው ግን አስማረ ነው። አስማረ የሙናዬ የአጎት ልጅ ነው፣ ከብት አርቢ፣ በገበያ ቀን ከቁሐር ሚካኤል ይመጣል። ቆሞ ሰማ፣ ሰማና «ይኸማ የላም እግር ነው» አለ።

«ምን?»

«በክረምት ላም እግሯን ከጭቃ ስትነቅል አልሰማችሁም? ታቆያለች፣ ታቆያለች፣ ከዚያ ጧ! እነዚህ ልጆች ረግረግ አገር ነው ያደጉት፣ ሌላ ነገር የለውም።»

መምህሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ «የላሟ» ተባለ። ከሐሙሲት ድረስ «የላሟን አሰሙን» እያለ የሚመጣ ሰው ነበር። እኔም ይዋል ይደር እንጂ ለመድኩት፤ እንዲያውም እግሬ ከሱ ጋር መሄድ ሲጀምር ሥራዬ ፈጠነ። ይኸን ለማንም አልተናገርኩም።

ሙናዬ ብቻ ናት አስተያየት ያልሰጠችው። ሲጠይቋት «ለኔ ሁሉም ጩኸት ነው። ሰው ካመጣልኝ ይጩህ» ትላለች፣ ብርጭቆዋን ታጥባለች። ደረሰም ብዙ አይናገርም፤ የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ካሴቱን በስክሪብቶ እያሽከረከረ ይመልሳል፤ ማታ ማታ መምህሩን የግጥሙን ትርጉም ይጠይቀዋል። ሥራ ስላጡ ወጣቶች ነው፣ ስለተዘጉ ፋብሪካዎች ነው፣ ስለ ፖሊስ ዱላ ነው አሉ። ፈረንጅም እንዲህ ይኖራል ብለን ተገረምን።

ሰባ ሰባት ገባ። ያን ዓመት ያየ ሰው እንዲያስታውሰው አይፈልግም። ከላስታ የተነሳ ረሃብተኛ በመገንጠያው በኩል ያልፋል፤ ሙናዬ የተረፈ ዳቦ ታወጣለች፣ ዳቦው ሳይዳረስ ያልቃል። በዚያ ላይ የብሔራዊ ውትድርና መጣ። ጎረምሳ ከገበያ ይታፈስ ጀመር። ደረሰ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ሙናዬ ለጠየቃት ሁሉ «አሥራ ስድስት ነው» ትላለች፤ በገበያ ቀን የጓሮውን በር ቆልፋበት ትውላለች። ሻይ ስትቀዳ እንኳ ዓይኗ ከመንገዱ አይነሳም። የሷ ነገር አንድና አንድ ነበር፤ ይኸ ልጅ አይሂድብኝ።

ሰኔ ላይ ካውራጃ አዲስ ካድሬ መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው ረጅም። አንድ ከሰዓት በሻይ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ «የላሟ» እየጮኸ ነው፤ አስማረ ደግሞ መሐል ቆሞ ጭቃ የያዛት ላም ሆኖ ያሳያል፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ካድሬው ወገቡን ይዞ ቆሞ አየ። ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ። ፊቱን አዙሮ ሄደ። በነጋታው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ቴፑንም ካሴቱንም ወሰዱ። «ለውይይት ይፈለጋል» አሉ።

ውይይት ማለት ምን እንደነበር ላልደረሰበት ልንገር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ሰው ቀበሌ አዳራሽ ይገባል። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ሻይ ቤት ያለ ስኳር ምን ይሆናል? ካድሬው ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ሁለት ሦስት ቀድሞ የተመከረ ሰው ተነስቶ ያንኑ ይደግማል፣ እናጨበጭባለን። ይኸው ነው።

ዓርብ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር አንለይ ብቻውን መጣ። ደረሰ ትምህርት ቤት ነበር። አንለይ የሐሙሲት ሰው ነው፣ የኛው ሰው። ክፉ ነው አልልም፤ ፈሪ ነበር፣ ፈሪ ደግሞ የባሰ ነው። ሻዩን ሳይነካ እንዲህ አላት፦

«ሙናዬ፣ ደረሰ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ስድስት ሞላው።»

«ክርስትናው ላይ እኮ ጠላ ጠጥቻለሁ።»

ሙናዬ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

«ኮታው አልሞላልኝም» አለ አንለይ። «ሰውየው ደግሞ በካሴቱ ዓይኑ ቀልቷል። እሑድ በሱ ላይ ነው ውይይቱ። አንድ ሰው ተነስቶ መምህሩን ማጋለጥ አለበት፣ ያውም ዘፈኑ በቤቱ ሲጮኽ የከረመ ሰው። አንቺ ከተናገርሽ ይበርድለታል። ማርያምን፣ የደረሰን ስም እኔ አላነሳም።»

«መምህሩስ ምን ይሆናል?»

«ቢበዛ ይዛወራል። የአዲስ አበባ ልጅ አይደል? ይደሰታል እንጂ!»

ሙናዬ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ «ምን ብዬ ነው የምናገረው?» አለች።

ቃል በቃል ነገራት። ሄደ። እሷ እጇ ውኃ ውስጥ እንዳለ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ «አድኃሪ ሙዚቃ… ወጣቱን የሚመርዝ…» ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች። በኋላ ወደ በረንዳው ወጣች።

«አበረ፣ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ትላለህ?»

«እኔ ልጅ የለኝም ሙናዬ። በሌለኝ ነገር አልፈርድም» አልኳት። ዛሬም ከዚያ የተሻለ መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ያሰማኝ።

አንድ ነገር ብቻ ፈራች፤ ደረሰ እንዳይሰማት። እሑድ በጠዋት ቀስቅሳ «አስማረ ዘንድ ሂድ፣ ቅቤ አምጣልኝ፣ እዚያው እደር» ብላ ላከችው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ልጁ ወንዙ ዳር ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጥቷል። አስማረ ከማዶ ቆሞ «ተመለስ! ተመለስ!» እያለ በእጁ ሸኘው። እሷ ይህን አታውቅም። እኔና እሷ አዳራሹ በር አጠገብ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ ደረሰ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩ ጭቃ እንደሆነ፣ በጎን በር ገብቶ ፊት ለፊት ተማሪዎቹ ዘንድ ተቀመጠ። ሙናዬ ክንዴን ይዛ ጨመቀችኝ። ጥፍሯ ገባ።

ካድሬው ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። «የኢምፔሪያሊዝምን መርዝ በጆሯችሁ ስሙ!» አለና ከፈተው። ዘፈኑ ከማጉያው ትልቅ መለከት ወጣ። እና ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨበ! እንዴት አያጨበጭብ? ከዚያ መለከት የወጣ ነገር ሁሉ ሲጨበጨብለት ነው የኖረው። ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ለጭብጨባ ይመቻል፤ ጊታሩ በሚገባበት ቦታ እጅ ይገባል። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ከኋላ አንዷ እልል አለች። ካድሬው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ቴፑን በጥፊ መትቶ አጠፋው።

«መምህር ተገኘ! ወደዚህ ውጣ!»

መምህሩ ወጣ። የዋህ ነው፣ ማስረዳት የሚያድነው መሰለው። «ጓድ፣ ይህ ዘፈን እኮ የራሳቸውን መንግሥት ነው የሚወቅሰው። የሠራተኛውን ብሶት ነው የሚናገረው» አለ።

«መንግሥትን የሚወቅስ ዘፈን ነው ለሕዝቡ የምታሰማው?» አለ ካድሬው።



አንለይ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ሙናዬ። ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ጀመረች፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ይህ አድኃሪ ሙዚቃ ወጣቱን የሚመርዝ ነው። መምህሩ ቤቴን መሣሪያ አድርጎ ልጆቻችንን ከትግሉ ሊያዘናጋ ነው ያመጣው። እኔ አላዋቂ ስለሆንኩ ተታለልኩ። ከመጀመሪያውም ጠልቼዋለሁ። አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት።» ይቺ የመጨረሻዋ ምን ማለት እንደሆነች ገብቷት አልነበረም፤ አንለይ ጨምሪበት ብሎ የሰጣት ናት። መምህሩ ዞሮ አያት። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሰው አጨበጨበ፤ አሁን ጀግና የሆነው ሁሉ አጨበጨበ።

ተቀመጠች። «አለቀ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አለቀ፣ አበረ።» እውነትም ያለቀ መስሎን ነበር። ካድሬው ወረቀቱን እያጠፈ «የተለየ አስተያየት ያለው?» አለ። ይህች ጥያቄ አይደለችም። በየሳምንቱ ትጠየቃለች፣ መልስ ሰጥቶባት የሚያውቅ የለም። «በሉ ወደየቤታችሁ» ማለት ናት። ገና ከአፉ ሳትወጣ ሰው ብድግ ይላል፣ ዱላውን ያነሳል፣ አግዳሚው ይንኳኳል፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ።

በዚያ ግርግር መሐል ደረሰ እጁን አውጥቶ ቆመ።

የተጠየቀውን ሊመልስ ነዋ!  ሙናዬ አየችውና «ቁጭ በል! ደረሰ! ቁጭ በል! ልጄን! ልጅ ነው፣ አትስሙት! አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው!» እያለች ጮኸች፣ ጮኸች፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። አግዳሚ ይወድቃል፣ ሰው ይገፋፋል። የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምሰማው ግን የሷን ጩኸት ብቻ ነው። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው፣ ሱሪው እግር ይረዝማል እንዳለኝ ዓይነት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በብብቱ ገብተው አነሱት። ያ የጭቃ እግሩ መሬት አልነካም።

መምህሩንም ልጁንም አንድ ላይ ቀበሌው እስር ቤት አስገቧቸው። ሙናዬ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ተቀመጠች፣ ዝናብ ይወርድባታል። አንለይ ወጥቶ «እኔ ስሙን አላነሳሁም ሙናዬ፣ ራሱ ነው የተነሳው» አላት። የዳቦውን ቋጠሮ በነጠላዋ ከዝናብ ሸፈነችው። በነጋታው ዳቦውን ይዛ ስትመለስ ጎረምሶቹን የጫነው መኪና ሄዷል። ደረሰም ሄዷል። የኮታው ቁጥር ሞላ።

ከዓመት በኋላ አንድ እግሩን ሰሜን ጥሎ የተመለሰ የሐሙሲት ልጅ መርዶውን አመጣ። አለቀሰች፣ አለቀስን። ተስካሩን አወጣች። ሻይ ቤቱን መልሳ ከፈተች። ሥራ ላይ ናት፣ ትቆጣለች፣ ሾፌር ትሳደባለች፤ ለማያውቅ ሰው ደህና ናት። እኔ ግን አውቃለሁ። አንድ ነገር ያዛት። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ ብርጭቆውን ታስቀምጥለትና ቆማ «ልጄ ምን ነበር ያለው?» ትለዋለች።

ሰው አልሰማሁም አይል። አዝኖላት ይፈጥራል። መሪጌታ «እውነት እውነት እላችኋለሁ ብሎ ነው የጀመረው» አሏት። ሌላው «እናቴን አትንኩ አለ» አላት። አንዱ ቀጣፊ ደግሞ «አብዮቱ ይቅደም አለ» ብሎ እርፍ! እሱን እኔው በመቀሴ አስወጣሁት። እኔን ስትጠይቀኝ «ጩኸትሽን ነው የሰማሁት» አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት? «አንለይ እኮ ፊት ለፊት ነበር፣ እሱን ጠይቂ» ብላት «የልጄን ቃል ከዚያ አፍ አልቀበልም» አለች።

አንድ ቀን ደንበኛ ሳይኖር ምን እንደሚያስጨንቃት አወጣችው። «ውሸታም ናት ብሎ ነው የተናገረው፣ አበረ። ዞሮ አይቶኛል። እናቴን አፈርኩባት ብሎ ነው የሄደው። እንደናቀኝ ነው የሞተው።» «ኧረ ተይ!» አልኳት። ግን በልቤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እውነት ከመናገር የማይመለስ ልጅ፣ እናቱ ሕዝብ ፊት ስትዋሽ ሰምቶ ሌላ ምን ይላል?

በሰማንያ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ከሲታ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ በረንዳዬ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሲራመድ አንድ ጎኑን ይሳባል። «ጋሼ አበረ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። መምህር ተገኘ ነው። ከእስር ፈተውታል። ተቃቀፍን። አጥንቱ ወጋኝ። «ያ ካሴት ግን ምን አስነካን!» አልኩት።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ አበረ?» አለ። «እኔ ራሴ ያን ያህል አልወደውም ነበር። ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። እናንተ ስትወዱት ጊዜ ነው የወደድኩት።»

በዚያች ሰዓት ልመታው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አየሁት፤ የሚመታ አካል የለውም።

ሙናዬ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ስታየው የያዘችውን ሰርቪስ መሬት ላይ አስቀመጠች። «መምህር» አለች፣ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት። «ይተዉ እትዬ ሙናዬ። አውቃለሁ። ያኔም አውቄ ነበር። ሻይ ይስጡኝ።»

ሻይ ሰጠችው። ስኳሩን አማሰለችለት። እስኪጠጣ እንኳ አልታገሰችም።

«አጠገቡ ነበርክ። ልጄ ምን አለ?»

መምህሩ ገርሞት አያት። «አልሰሙትም?»

«አልሰማሁም። ስጮህ ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዘፈኑ ጥሩ ነው አለ። እናቴም ትወደዋለች አለ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤቱን ሳትከፍት በሩን ዘግታ፣ ቴፑን ዝቅ አድርጋ ብቻዋን ትጨፍርበታለች፤ እኔ የተኛሁ መስዬ አያታለሁ አለ። እናቴን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው አለ። አሁን የተናገረችው ለኔ ፈርታ ነው፣ እንዳትቀየሟት አለ። ይኸን ብቻ ነው ያለው።»

ሙናዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያየኝ ነበር?» አለች። «ተኝቶ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ያይዎት ነበር።»

«አልናቀኝማ።»

«በፍጹም። ታስረን ሳለን እንኳ ‹እናቴ ዳቦ ይዛ ደጅ ትሆናለች፣ ዝናቡ ይመታታል› እያለ ነበር።»

ዕረፍት ታገኛለች ብዬ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲያ ለኔ ብሎ ነው» አለች። «እኔን ከሰው ቂም ሊያወጣ ነው የተነሳው። ዝም ብል ኖሮ አይነሳም ነበር። አበረ! ዝም ብል ኖሮ ልጄ ቁጭ እንዳለ ይቀር ነበር!»

ከዚያ የወጣው ለቅሶ መርዶው በመጣ ዕለት ያልወጣ ለቅሶ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች፣ ስሙን እየጠራች መሐል መንገድ ወጣች። ጎረቤት ከየቤቱ ሮጠ፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ መጡ፣ መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ደረሰ» አልኳቸው።

«ደረሰማ ከሞተ ቆየ እኮ፣ ጋሼ አበረ!»

«እሷ ገና አሁን ሰማች» አልኩና መኪናዬን ሸፍኜ ለቅሶው ውስጥ ገባሁ።